«ሌት ዩ ጎ» ቢሉት አመስግኖ ወጣ!

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እንግሊዝኛ ትችላላችሁ? «ትንሽ ትንሽ» የምትሉ እንደምትበዙ አውቃለሁ። ይህቺ «ትንሽ ትንሽ» የምትባል መልስ የኛ አገር ሰው መሸሸጊያ ናት። ችላለሁ ብሎ ከመጋለጥም፣ አልችልም ብሎ ከማፈርም ታድናለች። ግን ቁጭ ብላችሁ አስቡት። እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ተምረናል። ከ9ኛ ክፍል ወዲያ ደግሞ ባዮሎጂውም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። ድፍን 12 ዓመት! አንድ ሰው 12 ዓመት ልብስ ስፌት ተምሬያለሁ ካለ በኋላ «ሱሪ መስፋት ትንሽ ትንሽ እችላለሁ» ቢላችሁ ጨርቃችሁን ትሰጡታላችሁ?

ነገሩ ወዲህ ነው ጎበዝ። እኛ የተማርነው እንግሊዝኛና ሰው በአፉ የሚያወራው እንግሊዝኛ የአንድ እናት ልጆች ሆነው ሳለ መንገድ ላይ ቢገናኙ ሰላም የማይባባሉ ናቸው። ፓሲቭ ቮይስ ብትሉን ሌሊት ከእንቅልፋችን ቀስቅሳችሁ ጠይቁን፤ እንመልሳለን። «ኤክስቲንጉዊሽ» ማጥፋት መሆኑን፣ «ፖስትፖን» ቀጠሮ ማስተላለፍ መሆኑን ለፈተና ሸምድደናል። ፈረንጁ ግን ሲጋራውን «ኤክስቲንጉዊሽ» ሲያደርግ አይውልም፤ «ፑት አውት» ነው የሚለው። ቀጠሮውንም «ፑት ኦፍ» ብሎ ይገላገላል። «ፑት» ማስቀመጥ ነው፣ «አውት» ውጪ ነው። ስለዚህ የኛ ልጅ በልቡ ደምሮ «ሲጋራህን ውጪ አስቀምጠው» ይላል። ጉዱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እነዚህን ነገሮች መምህራን «ፍሬዛል ቨርብ» ይሏቸዋል። አንድ ተራ ግስ ትይዛላችሁ፤ «ጌት»፣ «ፑት»፣ «ቴክ»፣ «ተርን»፣ «ሉክ»። ከኋላው አንዲት ሚጢጢ ቃል ትቀጥላላችሁ፤ «አፕ»፣ «ኦፍ»፣ «አውት»፣ «ኢን»። ሁለቱንም ለየብቻ ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ታውቋቸዋላችሁ። ሲጋቡ ግን ሁለቱም የድሮ ጠባያቸውን ጥለው አዲስ ቤት ይሠራሉ። «ሉክ» ማየት ነው። «ሉክ ፎር» መፈለግ፣ «ሉክ አፍተር» መንከባከብ፣ «ሉክ ኢንቱ» ጉዳይ መመርመር፣ «ሉክ ዳውን ኦን» ሰው መናቅ፣ «ሉክ አውት» ተጠንቀቅ! ባቡር ሲሄድ «ሉክ አውት!» ሲሉት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ስላየው ሰውዬ የሚነገረውን አሮጌ ቀልድ ሳትሰሙት አትቀሩም። ቀልድ ነው ብላችሁ ግን አትለፉት።

አንድ የሰፈሬ ልጅ አለ። አብረን ነው ያደግነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዲቪ ወጣለትና ዋሽንግተን አካባቢ ሄደ። እንደ ብዙ ሐበሻ እሱም መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሥራ አገኘ። ትኬት ይሰጣል፣ ሒሳብ ይቀበላል፣ «ሀቭ ኤ ናይስ ዴይ» ይላል። በእንግሊዝኛው ከክፍላችን ደህና ከሚባሉት አንዱ ነበር፤ እዚያ ሄዶም በሥራው ነቀፋ አልደረሰበትም። 7 ወር ሠራ። በ8ኛው ወር አንድ ቀን፣ በረዶ እየጣለ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አለቃው ጠራው። ሰውዬው ተክዟል። እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣

«አይ አም ሶሪ። ዊ ሀቭ ቱ ሌት ዩ ጎ» አለው።

ልጁ በልቡ ተረጎመው። «ሌት» መፍቀድ፣ «ጎ» መሄድ። «እንድትሄድ ልንፈቅድልህ ይገባል።» ሥራ የሚወጣው 11 ሰዓት ነው። በረዶው ስለበረታ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ እንዲሄድ አዝነውለታል ማለት ነው! የሰውዬውን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ «ታንክ ዩ ቬሪ መች! ጎድ ብለስ ዩ!» ብሎ እንደኛ አገር ወግ ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶ ወጣ። አለቃው አፉን ከፍቶ ቀረ። እንደዚህ ያለ ተሰናባች አይቶ አያውቅማ!

በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ ዩኒፎርሙን ተኩሶ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ ሥራው ቦታ ደረሰ። ሳጥኗ ውስጥ ሌላ ሰው ተቀምጧል። አለቃው መጣ። አሁን በግልጽ፣ ቃል በቃል፣ ቀስ ብሎ ነገረው። «ዩ ዶንት ወርክ ሂር ኤኒሞር።» ይህቺን ገባችው። የቤት ኪራይ ሊከፍል 4 ቀን ቀርቶታል። እናቱ ደግሞ በዚያው ሳምንት ለወንድሙ ትምህርት ቤት ብር ትጠብቃለች።

ለእህቱ ሠርግ ሲመጣ ነው ይህንን ያጫወተኝ። መጀመሪያ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ቆይቶ ግን ዝም አለና «ሥራውንስ ሌላ አገኘሁ፤ ያቺ ታንክ ዩ ናት እስካሁን የምታቃጥለኝ» አለኝ። እኔ የማስበው ደግሞ ሌላውን ነው። ያን ቀን ገብቶት ቢሆን ኖሮ ለምን እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። የመጨረሻ ደመወዜ መቼ ነው ይል ነበር። ለሚቀጥለው ሥራ ደብዳቤ ጻፉልኝ ይል ነበር። «ሌት ጎ» የተባለ ሰው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ፤ እሱ ግን ሲያመሰግን ጊዜው አለፈበት።

እግረ መንገዴን ይህንን ያዙልኝ። ፈረንጅ ሰው ሲያባርር «አባረርኩህ» ማለት ይከብደዋል። «ሌት ጎ» ለስለስ ያለችው ናት። «ሌይ ኦፍ» ካሉህ ጥፋት የለብህም፤ ሥራው ስለቀነሰ ወይም ገንዘብ ስላጠረ ነው። «ፋየር» ካሉህ ግን አጥፍተሃል ማለታቸው ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ሥራ የፈታ ሰው የሚከፈለውን ድጎማ ሲጠይቅ ከሚመረመረው ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ በራሱ ጥፋት ወጣ ወይስ ሥራው ጠፍቶ? ማመልከቻህን «ተርን ዳውን» አደረጉት ካሉህ ደግሞ ወደ ታች አላዞሩትም፤ አልተቀበሉትም። ያው «ተርን ዳውን» ሬዲዮ ላይ ሲሆን ድምፁን ቀንስ ነው። ይህም አለ እንግዲህ።

«ለመሆኑ ሰዎቹ ለምን እንዲህ ያደርጋሉ?» ትሉ ይሆናል። ሊያስቸግሩን አይደለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1066 ከፈረንሳይ ምድር በመጡ ኖርማኖች ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ቤተ መንግሥቱም፣ ፍርድ ቤቱም ፈረንሳይኛና ላቲን ሆነ። ባለሃገሩ ግን ማድ ቤቱና እርሻው ላይ የራሱን አጫጭር ቃላት ይዞ ቀረ። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ ለአንድ ነገር ሁለት ቃል አላቸው፤ አንዱ ካባ የለበሰ፣ አንዱ ነጠላ ጫማ ያደረገ። «ኢንቨስቲጌት» ካባ ለብሷል፤ «ሉክ ኢንቱ» ነጠላ ጫማ አድርጓል። «ቶለሬት» ካባ፣ «ፑት አፕ ዊዝ» ነጠላ ጫማ። ትምህርት ቤት ያስተማረን ካባ የለበሱትን ነው። የሥራ ቦታው፣ ታክሲው፣ ሐኪም ቤቱና ማድ ቤቱ ግን በነጠላ ጫማ የሚኬድበት ነው።

ደግሞ የውጭ አገር ሰውን እንደሚያስቸግር ራሳቸውም ያውቃሉ። ሳሙኤል ጆንሰን የሚባለው ታላቁ እንግሊዛዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1755 መዝገበ ቃላቱን ሲያሳትም በመግቢያው ላይ ይህንኑ ጽፏል። ከግስ ኋላ የምትለጠፈዋ ትንሽ ቃል ባዕድ ሰውን ከሁሉ በላይ የምታስቸግረው እሷ ናት ብሎ፣ እየለቀመ ማስገባቱን ይናገራል። ይህ ሰው ለኛ ሩቅ እንዳይመስላችሁ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን የነበረውን የፖርቱጋላዊውን የኢየሱሳዊ ቄስ የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1759 ደግሞ «ራሴላስ» የሚል፣ ባለታሪኩ የሐበሻ ልዑል የሆነ ልቦለድ ጽፏል። ኢትዮጵያን በእግሩ ሳይረግጥ ስለኛ ልዑል የጻፈ ሰው፣ የኛ ልጆች ከ260 ዓመት በላይ ቆይተው በምን እንደሚቸገሩ ቀድሞ ነግሮናል ብል አጋነንክ አትበሉኝ።

እኛስ ብንሆን? አማርኛ የሚማር ፈረንጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መዝገበ ቃላቱን ይዞ ሲንከራተት አንጀት ይበላል። (ይኸው! «አንጀት ይበላል» አልኩ። ማን ነው አንጀት የበላው?) «እጅ ሰጠ» ስንለው የሆነ ሰው እጁን ቆርጦ የሰጠ ይመስለዋል፤ እኛ ግን ተማረከ ማለታችን ነው። «እጅ ነሳ» ስንለው ከለከለ ብሎ ይተረጉማል፤ እኛ ግን በአክብሮት ሰላም አለ ማለታችን ነው። «ቃል ገባ»፣ «ቃል ሰጠ»፣ «ቃሉን በላ»ን ተመልከቱ። አንዱ ተስፋ መስጠት ነው፣ አንዱ ፖሊስ ጣቢያ የሚደረግ ነው፣ አንዱ የአንዳንድ ጓደኞቻችን ሥራ ነው። «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ዝም አለ» ስንል ደግሞ ያ ምስኪን ፈረንጅ «ማን ምን አለ?» ብሎ ዙሪያውን ያያል። ዝም ያለ ሰው እንዴት «አለ» ይባላል?

ከዚህ ሁሉ እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» በሉ። «መሰከረለት» እና «መሰከረበት» በሉ። ግሱ አንድ ነው። ከኋላ የተለጠፈችው ሚጢጢ ነገር ብቻ ተቀይራ ሰውየው ከእስር ቤት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ወይም ከቤቱ ወደ እስር ቤት። እንግዲህ የእንግሊዞቹ «ኦን»፣ «ኦፍ» እና «አፕ» የሚሠሩት ሥራ የዚህች «ለት» እና «በት» ዘመድ ነው። ይህንን ካየሁ ወዲህ ነገሩን አልፈራውም። ሳንማር የምናውቀው ዓይነት ጨዋታ ነው፤ ባለቤቱ ብቻ ተቀይሯል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። «አፕ»ን ውሰዱ። ወደ ላይ ማለት ነው ተብለን ነው ያደግነው። «ስታንድ አፕ» ላይ እውነት ነው። «ኢት አፕ» ላይ ግን ማንም ወደ ላይ አይበላም። እዚህ ጋ ሥራዋ የኛ «ጥርግ»፣ «ጢም»፣ «ሙጥጥ» የሚሠሩት ነው። «ኢት አፕ» ጥርግ አድርጎ መብላት፤ «ፊል አፕ» ጢም አድርጎ መሙላት፤ «ዩዝ አፕ» ሙጥጥ አድርጎ መጨረስ፤ «ድራይ አፕ» ድርቅ ማለት። አያችሁ? አንዴ ጠባይዋን ካወቃችሁ ያልተማራችሁትንም ትገምታላችሁ። ሁልጊዜ አይሠራም፤ «ጊቭ አፕ» ተስፋ መቁረጥ ወይም መተው ነው፣ «ብሪንግ አፕ» ልጅ ማሳደግም ነገር ማንሳትም ነው። ግን ከዜሮ ከመነሳት ይሻላል።

«ኦፍ» መለየትን ትወዳለች። ጫማ ከእግር ሲለይ «ቴክ ኦፍ»፤ አውሮፕላን ከመሬት ሲለይ ያው «ቴክ ኦፍ»። መብራት ሲጠፋ «ተርን ኦፍ»። ከአውቶቡስ ሲወርዱ «ጌት ኦፍ»። ከታክሲ ግን «ጌት አውት» ነው! እኛ በአንድ «ወራጅ አለ!» የምንጨርሰውን እነሱ ለሁለት ከፍለውታል። ቆም ብለህ የምትራመድበት ነገር ከሆነ፣ አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን፣ «ኦን» እና «ኦፍ» ነው። አጎንብሰህ ገብተህ የምትቀመጥበት መኪና ከሆነ «ኢን» እና «አውት»። የኛ ሚኒባስ የትኛው ነው እንዳትሉኝ። ስሙ ባስ፣ አገባቡ አጎንብሶ፣ አወጣጡ በግፊያ ነው።

ሌላው ሰው የማይነግራችሁ ነገር «እሱን» የሚለው ቃል የሚቀመጥበት ቦታ ነው። «ተርን ኦፍ ዘ ላይት» ትክክል ነው፤ «ተርን ዘ ላይት ኦፍ»ም ትክክል ነው። «ኢት» ስትገባ ግን መሐል ነው የምትቀመጠው፤ «ተርን ኢት ኦፍ»። «ተርን ኦፍ ኢት» ብትሉ ይገባቸዋል፤ ግን ጆሯቸውን ይከረክረዋል። «ሉክ አፍተር» እና «ሉክ ፎር» ደግሞ ጨርሶ አይነጣጠሉም። «ሉክ አፍተር ኢት» ነው። እንዴት አድርጌ ልለይ ካላችሁ ድምፃቸውን ስሙ። በሚነጣጠሉት ላይ ድምፃቸው የሚጠነክረው ትንሿ ቃል ላይ ነው፤ «ተርን ኦፍ!» ሲሉ «ኦፍ» ጎላ ትላለች። «ሉክ ፎር» ላይ «ሉክ» ጎላ ብላ «ፎር» ትዋጣለች። ፊልም ስታዩ ጽሑፉን ዝጉትና ይህቺን ብቻ አድምጡ፤ በአንድ ሳምንት ጆሯችሁ ይከፈታል።

ከትናንሾቹ ቃላት ሁሉ እኔ የምፈራት «አዌይ»ን ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ዱባይ ሰው ቤት የሠራች አንዲት ልጅ አውቃለሁ። ማዳሟ ከአረብኛ ይልቅ በእንግሊዝኛ ነበር የሚያዟት። ልጅቷ በመጀመሪያው ወር «ስሮው አዌይ» መጣል መሆኑን አወቀች። «ጎ አዌይ» ዞር በይልኝ መሆኑንም፣ ሳይነገራት፣ ከፊታቸው አወቀች። ስለዚህ «አዌይ» ያለበት ነገር ሁሉ ከቤት የሚወጣ ነው ብላ ያዘች። አንድ ቀን ማዳም አልጋ ላይ የተከመረ ልብስ አሳይተው «ፑት ዚዝ ክሎዝስ አዌይ» አሏት። ልብሶቹን ቦታቸው መልሻቸው፣ ቁምሳጥን ውስጥ ክተቻቸው ማለታቸው ነው። እሷ በጥቁር ፌስታል አስራ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጨመረችው። ማታ ሲፈለግ ቆሻሻው ተነስቷል። የሁለት ወር ደመወዟን ቆረጡባት። «ያላሉኝን አድርጌ ቢሆን አይቆጨኝም ነበር፤ ያሉኝን ነው ያደረግኩት» ትላለች አሁንም። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ጀበና ቡና ትሸጣለች። ወደ አረብ አገር ለሚሄዱ ልጆች ቡና እየቀዳች መጀመሪያ የምትነግራቸው «ፑት አዌይ» እና «ስሮው አዌይ»ን ነው። የሥራ ውላቸው ላይ የተጻፈውን ከማንበብ ቀጥሎ ቢያውቁት ደግ ነው እላለሁ እኔም።

ከዚህ የከፋው ሐኪም ቤት ነው። አንድ ወዳጄ አሜሪካ ልትጠይቀው የሄደችውን እናቱን አዙሯት ድንገተኛ ክፍል ወሰዳት። ነርሷ «ዲድ ሺ ፓስ አውት?» አለችው። እሱ የሚያውቀው የለቅሶ ቤቷን «ፓስ አዌይ» ነው፤ ሞተች የሚለውን። ደንግጦ «ኖ! ኖ! ሺ ኢዝ አላይቭ!» ብሎ አጠገቡ የተቀመጡትን እናቱን አሳየ። «ፓስ አውት» ራስን መሳት ነው። ቀጥላ «ዲድ ሺ ስሮው አፕ?» አለችው። እናቴ ምንም አልወረወረችም አላት። «ስሮው አፕ» ማስታወክ ነው። እንግዲህ ሴትዮዋ ቤት ውስጥ ራሳቸውን ስተዋል፤ ሁለት ጊዜም አስታውከዋል። ካርዱ ላይ የተጻፈው ግን ራሷን አልሳተችም፣ አላስታወከችም የሚል ነው! ደግነቱ ቆየት ብሎ በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ አገኙላቸውና ተስተካከለ። እዚያ የሚኖር ዘመድ ያላችሁ ንገሩልኝ፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ» ማለት ብቻ ነው። እንግሊዝኛ እችላለሁ የሚል ልጅም ቢሆን እናቱ አልጋ ላይ ስትሆን ኩራቱን ለሌላ ቀን «ፑት ኦፍ» ቢያደርግ ይሻለዋል። የጤና ቃላቱን ግን ዛሬውኑ ያዟቸው። «ካም ዳውን ዊዝ» በበሽታ መያዝ፣ «ስዌል አፕ» ማበጥ፣ «ጌት ኦቨር» ከበሽታው መዳን ነው።

የዕለት ተዕለት አነጋገሩ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። «ዋትስ አፕ?» ሲሉህ ከላይ ምን አለ አላሉህም፤ እንዴት ነው ማለታቸው ነው። መልሱም አጭር ነው። እኛ ስለ ጤና ስንጠየቅ እግዚአብሔር ይመስገን ብለን፣ የቤተሰቡን ጠይቀን፣ የከብቱን ደርበን ነው የምንፈታው። እነሱ «ሃው አር ዩ ዱዊንግ?» ብለው መልሱን ሳይሰሙ አልፈውህ ሊሄዱ ይችላሉ። ንቀት አይደለም። «ጉድ፤ ዩ?» በልና አንተም እለፍ።

«ሄልፕ ዩርሰልፍ» የምትለዋ ደግሞ ስንቱን ሐበሻ ጾም አሳድራለች መሰላችሁ! ግብዣ ላይ ምግቡ ተደርድሮ አንዴ «ሄልፕ ዩርሰልፍ» ይላሉ፤ አንሳና ብላ ማለት ነው። የኛ ሰው ግን ጨዋ ነውና የመጀመሪያውን ጥሪ አይቀበልም። ሁለተኛውን ይጠብቃል። ሦስተኛውን «በሞቴ»ን ይጠብቃል። እዚያ «በሞቴ» የለም፤ ጉርሻም የለም። «ኖ፣ ታንክ ዩ» ካልክ አልራበህም ብለው ያምኑሃል። ሰው ቃሉን ሲታመን እንዴት እንደሚጎዳ ያየሁት በዚህ ብቻ ነው።

ስለ «ሶሪ»ም አንድ ነገር ልበል። ሰው እንቅፋት ሲመታው እኛ «እኔን!» እንላለን። እዚህ ያደግን ሁሉ ያንን «ሶሪ!» ብለን ተርጉመነዋል። ፈረንጁ ግን ግራ ይገባዋል፤ «አንተ አልገፋኸኝ፣ ምን አድርገህ ነው ይቅርታ የምትጠይቀኝ?» ሊል ይችላል። እሱ «አር ዩ ኦልራይት?» ነው የሚለው፤ ተረፍክ ወይ እንደማለት። እውነቱን ለመናገር በዚህ በኩል የኛ ይበልጣል። «እኔን!» ማለት በአንተ የደረሰው በኔ ይሁን ማለት ነው፤ «አይዞህ»ም እንዲሁ። ሁለቱንም በአንድ ቃል የሚመልስ እንግሊዝኛ እስካሁን አላገኘሁም።

«ታዲያ እንዴት እንማር?» ላላችሁኝ። በቴሌግራም የሚዞረውን «1000 ፍሬዛል ቨርብ» የሚል ፋይል አውርዳችሁ እንዳስቀመጣችሁ እገምታለሁ። የከፈታችሁት ስንቶቻችሁ ናችሁ? እንዲህ ያለ ዝርዝር በፊደል ተራ ነው የሚደረደረው፤ «ጌት» ብቻ ሁለት ገጽ ይሞላል። ሃያ «ጌት» በአንድ ቀን የሸመደደ ሰው በማግሥቱ ሃያውንም ያቀላቅላል። «በሦስት ወር እንደ ፈረንጅ ተናገሩ» የሚሉ ማስታወቂያዎችንም ለእናንተው ትቻለሁ። እኔ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ እንጂ መምህር አይደለሁም፤ የማውቀው የሠራልኝን ነው። የ80 ገጽ ደብተር ገዛሁ። ግሱን ብቻውን ጽፌ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ከራሴ ኑሮ ከወጣች አንዲት ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። «ራን አውት ኦፍ» ማለት አልቆብኛል ማለት ነው ብዬ አልጽፍም። «አይ ራን አውት ኦፍ ካርድ» ብዬ ጻፍኩ፤ የስልክ ካርድ ሲያልቅብኝ ሁሉ ራሷ እየመጣች ትጮህብኛለች። ፈረንጅ ለዚያ ካርድ ሳይሆን «ክሬዲት» እንደሚል በኋላ ጨመርኩበት። ጠዋት ከአልጋ እስክነሳ ያሉትን ብቻ ለአንድ ሳምንት፤ «ዌክ አፕ»፣ «ጌት አፕ» (አንዱ መንቃት፣ አንዱ መነሳት ነው፤ በመሐላቸው ያለውን ሰዓት እናንተ ታውቃላችሁ)፣ «ፑት ኦን»። በሚቀጥለው ሳምንት የመንገዱን። ከዚያ የሥራውን። በሳምንት ከስድስት በላይ አልወስድም። ኢንተርኔት ያላችሁ «ቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ»ን ፈልጉት፤ ገንዘብ አያስከፍልም፣ ድምፁንም ትሰማላችሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ወስኑ። የእንግሊዝ ነው የምትፈልጉት ወይስ የአሜሪካ? እንግሊዙ ፎርም «ፊል ኢን» ያደርጋል፤ አሜሪካዊው «ፊል አውት»። አንዱ ወደ ውስጥ፣ አንዱ ወደ ውጪ፤ የሚሞላው ግን ያው ወረቀት ነው። «ፊል ኢን ፎር» ካሏችሁ ደግሞ ፎርም የለም። አንዲት አስተናጋጅ «ካን ዩ ፊል ኢን ፎር ሀር ቱሞሮው?» ቢሏት እስክሪብቶ ይዛ «ዌር ኢዝ ዘ ፎርም?» ብላ ነበር። ነገ በጓደኛሽ ቦታ ተተኪላት ነው የተባለችው። ሥራ አስኪያጁ ደግ ሰው ስለነበር ሳቀና አስረዳት።

ያልገባችሁን መጠየቂያዋን ከሁሉ በፊት አጥኑ። «ሶሪ፣ ዋት ዱ ዩ ሚን ባይ ዛት?» ናት። ሳይገባ «የስ፣ የስ» ማለት የኛ ትልቁ በሽታ ነው፤ በተለይ በስልክ። ስልክ ካነሳሁ ይህቺን ሳልነግራችሁ አላልፍም። «ሃንግ አፕ» ስልክ መዝጋት ነው። «ሃንግ ኦን» ግን አንዴ ጠብቅ፣ አትዝጋ ነው። አንዲት ጓደኛዬ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ከውጭ አገር ደወሉላት። ስትጠብቅ የከረመችው ስልክ ነው። ሴትዮዋ ስሟን ጠይቃ ወረቀቷን እስክታገኝ «ሃንግ ኦን፣ ፕሊዝ» አለቻት። ልጅት «ሃንግ»ን ሰማችና እንደታዘዘች ዘጋችው። መልሰው ደወሉ። ሴትዮዋ መስመሩ የተበላሸ መስሏት ይቅርታ ጠየቀች፤ ቀጥላም «ሃንግ ኦን» አለቻት። ይህንንም ዘጋችው።